የአስከሬን ምርመራ ያጋለጠው ድምፅ አልባው የጉበት ሕመም

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ከአውሮፓውያኑ 1993 እስከ 2003 ድረስ ሕይወታቸው ያለፈ 742 ሕፃናትና ታዳጊዎች የአስከሬን ምርመራ ተደርጎላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 19 ዓመት ነበር። ምርመራው የሞታቸውን መንስኤ ለማወቅ እንጂ ጉበታቸውን ለማጥናት የታሰበ አልነበረም።

ይሁንና ተመራማሪዎች የጉበት ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በ13 በመቶዎቹ ላይ የስብ ክምችት አገኙ። ከልክ ያለፈ ውፍረት ከነበራቸው መካከል ደግሞ አሃዙ 38 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ በ2006 ሲታተም፣ የጎልማሶች ተደርጎ ይታሰብ የነበረው ሕመም በልጅነት እንደሚጀምር አመላከተ።

በሕይወት ሳሉ ለምን አይታወቅም?

ስብ በጉበት ውስጥ ሲጠራቀም ብዙውን ጊዜ ሕመም አይሰማም። ጉበት ከፊሉ ቢጎዳም ሥራውን ይቀጥላል፤ የደም ምርመራ ውጤትም ጤናማ ሊመስል ይችላል። አልትራሳውንድ አነስተኛ ክምችትን ላያሳይ ይችላል።

እርግጠኛው መንገድ በመርፌ ናሙና መውሰድ ነው። ነገር ግን ምንም ሕመም የማይሰማቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጉበት በመርፌ መውጋት ተገቢ አይደለም። በመሆኑም በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን፣ በሕያዋን ዘንድ ተሰውሮ ስላለው ሕመም ይመሰክራል።

ከመጠጥ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም

የጉበት ሕመም ሲነሳ ብዙዎች አልኮልን ያስባሉ። ሆኖም በ1980 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች፣ መጠጥ የማያዘወትሩ ሰዎች ጉበትም የጠጪ ጉበት የመሰለ ጉዳት እንደሚደርስበት ገለጹ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ውፍረት፣ በተለይም ቦርጭ፣ እንዲሁም ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ይገኙበታል። ስኳር የበዛባቸው ለስላሳ መጠጦችም ክምችቱን ያባብሳሉ።

በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ችግሩ በስብ ክምችት ደረጃ ይቆያል። በአንዳንዶች ግን ጉበቱ ይቆጣል፣ ጠባሳ ያወጣል፤ ከዚያም ወደ ሲሮሲስ ወይም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

ሊቀለበስ ይችላል?

ጠባሳው ሳይጠና ከተደረሰበት፣ አዎ። ውፍረት ያለው ሰው ከክብደቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲቀንስ ስቡም የጉበቱ ቁጣም ይቀንሳል። በመጋቢት 2024 አሜሪካ ለዚሁ ሕመም የመጀመሪያውን መድኃኒት ፈቅዳለች፤ የአመጋገብ ለውጥና የአካል እንቅስቃሴ ግን አሁንም የሕክምናው መሠረት ናቸው።

የስኳር ሕመም ወይም ቦርጭ ያለበት ሰው፣ ምንም ባያመውም፣ ስለ ጉበቱ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይመከራል። ዕድሜን ከተለመዱ የደም ምርመራ ውጤቶች ጋር የሚያሰላ ቀላል ዘዴ፣ ጠባሳ የማውጣት ሥጋት ያለበትን ሰው ለመለየት ይረዳል።