የጤና ቡድንና ታካሚው፦ ከጎንደር የተገኘ ትምህርት

ከጎንደር ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ቆላ ድባን ያገኛል። ከተማዋ የምትገኝበት የደምቢያ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ጋር የሚዋሰን፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ለም ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ አካባቢ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል ተቋቋመ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጅማሬም ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ኮሌጁ የታወቀበት የቡድን አሠራር ምን እንደሆነና ለታካሚው ምን እንደሚጠቅም ለማብራራት እንሞክራለን።

የቡድን አሠራር ምንድን ነው?

ኮሌጁ ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን አሠለጠነ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያም ታከለበት። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። በዚያም አንዱ የሌላውን ሙያ ከሥራ ላይ ይማር ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤን ለዓለም ያስተዋወቀው የአልማ አታ ጉባኤ የተካሄደው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1978 መሆኑን ልብ ይሏል።

በተቅማጥ የታመመ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ጤና መኮንኑ መርምሮ ያክማል፤ ነርሷ እናቲቱን ስለ አመጋገብና ስለ ፈሳሽ አሰጣጥ ታስረዳለች፤ ሳኒታሪያኑ ቤተሰቡ የሚጠጣውን ምንጭ ይመለከታል። ሕክምናው ብቻ ተሰጥቶ ምንጩ ካልጸዳ ሕፃኑ ድኖ የሚመለሰው ወደዚያው ውሃ ነው። ታካሚን ማእከል ያደረገ አሠራር የምንለው እንግዲህ «ይህ የየትኛው ክፍል ሥራ ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህ ሰው ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ የሚነሣውን ነው።

መረጃ በቅብብሎሽ እንዴት ይጠፋል?

በፊዚክስ ትምህርት እንደምናውቀው ምልክት ከቦታ ወደ ቦታ ሲተላለፍ በየመንገዱ ይደክማል። የታካሚ ታሪክም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል ታሪኩ በእያንዳንዱ ርክክብ ሳይዛባ የማለፍ ዕድሉ ከ10 ዘጠኝ ቢሆንና ሦስት ርክክቦች ቢኖሩ፣ 0.9 × 0.9 × 0.9 = 0.729 ይሆናል። ከ100 ታካሚዎች የ27ቱ ታሪክ ተዛብቷል ማለት ነው። አሁን ተቀባዩ የሰማውን መልሶ ለላኪው እየነገረ ቢያረጋግጥ፣ በዚህም ከ10 ስሕተት ዘጠኙ ቢታረም፣ እያንዳንዱ ርክክብ 0.99፣ ሦስቱ በአንድነት 0.97 ይሆናሉ። የሚዛባው ከ27 ወደ ሦስት ወረደ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ድሩ የሚያብረው ግን ቋጠሮው ሲጠብቅ ነው። ባለሙያዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ብቻውን ቡድን አያሰኝም።

ታካሚው የቡድኑ አባል ነው

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በየወሩ 20 ደቂቃ ከባለሙያ ጋር ቢገናኝ በዓመት 4 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። በቀሩት 8,756 ሰዓታት ክኒኑን የሚውጠው፣ ጨውን የሚቀንሰው፣ የሕመሙን ምልክት የሚያስተውለው ታካሚው ራሱና ቤተሰቡ ነው። በተለይ የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ስለማያሳምም ታካሚው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው አንጎል ወይም ልብ ወይም ኩላሊት ከተነካ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጠ በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት የሚጠይቀው ሰው ካገኘ ግን ምክንያቱን ይናገራል፤ መፍትሔውም ከዚያ ይጀምራል።

ርቀትም ራሱን የቻለ እንቅፋት ነው። ከሰሜን ጎንደር ደጋ ተነሥቶ ለክትትል ብቻ በየወሩ ጎንደር ሆስፒታል መድረስ ለአንድ ገበሬ ከባድ ነው። በመሆኑም በጎንደር ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የስኳርና የሚጥል በሽታ ታካሚዎችን በቅርብ እንዲከታተሉ፣ የከበደውን ብቻ ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ቡድኑ እስከ ቀበሌ ወርዷል። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤት ጉብኝት የምታየው፣ ሐኪሙ በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊያየው የማይችለውን ነው። ወደ ላይ የላከችው ታካሚ ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ መልስ ካልደረሳት ግን ሰንሰለቱ እዚያው ተበጠሰ።

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል ነገ በጤና ሙያ የሚሠማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሁላችንም ደግሞ አንድ ቀን ታካሚዎች ወይም አስታማሚዎች መሆናችን አይቀርም። አያታችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተነገራችሁን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ንገሩ፤ ለክትትሉ ኀላፊ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሆስፒታል የተሰጣችሁን ወረቀትም ለላካችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ለአያታችሁ ክብካቤ ይህ ሁሉ የእናንተ ድርሻ ነው።