ለማዳው ውሻ ድንገት ሲናከስ፦ ተረቱና እውነታው

ለዓመታት በግ ሲጠብቅ የኖረ፣ ልጆች ጀርባው ላይ ሲወጡበት ዝም የሚል ውሻ አንድ ቀን ድንገት የቤቱን ሰው ይነክሳል። በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምክንያቱ ሳይመሽ ይወራል፦ ረሃብ ነው፣ ፀሐይ መትቶት ነው፣ ደም ለምዶ ነው። ውሻው በዱላ ተቀጥቅጦ ገደል ይጣላል፤ የተነከሰው ልጅ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይወሰዳል። ሁለቱም ውሳኔዎች ሕይወት ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

“ውሻ የሚያብደው ከሙቀትና ከውኃ ጥም ነው” ይባላል። ሙቀት ቢሆን ኖሮ በሽታው በወንጪትና በጃማ ሸለቆዎች ብቻ በቀረ፣ ውርጭ በሚጥልበት መንዝ ባልታየም ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ መነሻው ቫይረስ ነው። ከታመመ እንስሳ ለሃጭ በንክሻ ወይም በተላጠ ቆዳ ይገባና በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ስለዚህ የተነከሰ ውሻ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ሲያብድ ባለቤቱ ከሁለት ወር በፊት ከገበያ መልስ ከባዕድ ውሻ ጋር መናከሱን ረስቶታልና ያለፈውን ሳምንት ፀሐይ ይወቅሳል።

“እብድ ውሻ እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል” የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽነቱም አደገኛ ያደርገዋል። አንዳንዱ የታመመ ውሻ አይሮጥም። ጎተራ ሥር ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ጩኸቱ ይሻክራል፣ የታችኛው መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውኃ ቢሰጡት መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አዝኖለት “አጥንት ተሰንቅሮበታል” ይልና እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። በእርሻ ሥራ የተሰነጣጠቀ እጅ ለቫይረሱ ክፍት በር ነው፤ መነከስ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ድንገት የምታገሳና ለሃጯ የሚዝረበረብ ላምም እንዲሁ ናት፤ አፏ ውስጥ እጅ ማስገባት አይገባም።

ይህ ሲባል የተቆጣ ውሻ ሁሉ አብዷል ማለት አይደለም። አጥንት ሲቆረጥም ጥርሱ የተሰበረ፣ ጆሮው ውስጥ የመገለ፣ ወገቡን ወይም መገጣጠሚያውን የሚያመው ውሻ ሲነኩት ይናከሳል። ዓይኑ የፈዘዘ ወይም ጆሮው የደነቆረ ሽማግሌ ውሻ ተኝቶ ሳለ ሲረግጡት ደንግጦ ይነክሳል። የአንጎል ዕጢ፣ የሚጥል በሽታ፣ መርዝ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታም ጠባይ ይለውጣሉ። ከገጠር ቤት “ክፉ ሆነ” ተብሎ የሚባረር ውሻ ብዙ ጊዜ የታመመ ውሻ ነው፤ ጠባዩ ተበላሸ ከማለት በፊት የት ሲነኩት እንደሚቆጣ ማየትና ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይገባል።

ችግሩ ሕመም ያስቆጣውን ውሻና እብዱን በዓይን መለየት አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። የነከሰን ውሻ ወዲያው መግደል ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በነከሰበት ሰዓት ቫይረሱ በለሃጩ ውስጥ የነበረ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ሰው ሳይነካው አስሮ ወይም ዘግቶ 10 ቀን መጠበቅ ከተቻለ ውሻው ራሱ ይመሰክራል። ከሞተ ወይም ለማንም አደጋ ሆኖ መገደል ግድ ካለ ጭንቅላቱን በዱላ አለማድቀቅ ይገባል፤ በሽታው በላቦራቶሪ የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው።

የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ነው። ውሻው በ10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል።

“መድኃኒት አዋቂው አድኖታል” የሚለው እምነት ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚያምኑት ሰዎችም የሚዋሹ አይደሉም። እገሌ ተነክሶ ሥር ቀምሶ ዳነ ሲሉ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩት ብዙው ነካሽ ውሻ ያላበደ መሆኑን፣ ባበደ ውሻ የተነከሰ ሰው ሁሉም እንደማይታመም ነው። ያልታመመው ሁሉ ለሥሩ ዝና ይሆናል። በሰው ላይ በሽታው የሚታየው ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ የሞተውን ደግሞ ከዚያ ንክሻ ጋር የሚያያይዘው ጥቂት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ጠበልም ቢሆን ከክትባት አያጣላም፤ ተወግቶ መጠመቅ ይቻላል፤ ጠበል ቦታ ሲቆዩ የሚያልፈው ጊዜ ግን አይመለስም።

ብዙ ሽማግሌዎች መርፌውን የሚፈሩት አዲስ አበባ “ፓስተር” ከሚሉት ተቋም ይወጣ የነበረውን፣ ከበግ አንጎል ተዘጋጅቶ ለብዙ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን ክትባት አስታውሰው ነው። በሴል የሚመረተው አዲሱ ዓይነት ክንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይሰጣል። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ዙሪያውን የሚወጋ ተጨማሪ መከላከያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በሽታው በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ከ10 ሟቾች አራቱ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ከውሻ ጋር በየሜዳው የሚውለው እረኛ ሕፃን መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር እንግዳ አይሆንም።

“ውሻውን ሁሉ በመርዝ መጨረስ ይገላግላል” የሚሉም አሉ። አይገላግልም፤ የተከተበው ካልተከተበው ጋር ይሞትና ቦታውን ክትባት የማያውቅ አዲስ ውሻ ይይዘዋል። ሥርጭቱን የሚያቆመው ከ10 ውሾች ሰባቱን መከተብ ነው። ጉዳዩ ለመንዝ ከሰውም ያልፋል። የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቁት የጓሳ ምድር የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ባሌ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ተላልፎ በወብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። እንግዲህ ክትባቱ ወረዳ ሲደርስ ቀድመው መወጋት ያለባቸው ከመንጋ ጋር እስከ ጓሳ ጠርዝ የሚወጡት ውሾች ናቸው።