ከረጢቱ ላይ ያለችው ሰባት ቁጥር

ጅቡቲ ከተማ ለእርሻ የተፈጠረች አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ ባሕር ዳር በሐምሌ ብቻ ከሚዘንበው ያንሳል። አምቡሊ ላይ በጉድጓድ ውኃ የሚለሙ የአትክልት ቦታዎች አሉ፤ ከዚያ ውጪ ዓይን የሚያርፈው ኮንቴይነርና ክሬን ላይ ነው። የጎጃምና የአርሲ ገበሬ በሰኔ የሚበትነው ማዳበሪያ ግን በዚችው ከተማ በኩል ያልፋል።

ከመርከቡ የሚወርደው በከረጢት ሆኖ አይደለም። እንደ እህል ክምር ተጭኖ ይመጣና ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል። 60 ሺህ ቶን የያዘ አንድ መርከብ ቢመጣ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ከረጢት ይወጣዋል። ይህን ለማንሳት 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ 1,500 ጊዜ መመላለስ አለበት። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው ቦታ ተራ የሚጠብቅ ሾፌር ይህን ስሌት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል፦ 19፣ 38 እና 7። ከመቶው 19 እጁ ናይትሮጅን፣ 38ቱ ፎስፌት፣ 7ቱ ድኝ ነው ማለት ነው። እኔን የምትገርመኝ ሰባቷ ናት፤ ከአፈር ምርመራ የመጣችው እሷ ናትና።

ኢትዮጵያዊው ገበሬ ለ40 ዓመት ያህል የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ብቻ ነበር። ምክሩም አንድ ነበር፤ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። መረሬ ይሁን ቀይ አፈር፣ ጤፍ ይሁን ስንዴ፣ የሚጠይቅ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ኢትዮሲስ የተባለውን የአፈር መረጃ ሥርዓት ጀመሩ። ከየአካባቢው የተቆፈረው አፈር ሲመረመር ጎደሎው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ ሆኖ አልተገኘም፤ ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታም ፖታሽየም ያንሳል። ዳፕ ውስጥ ድኝ የለም። ስለዚህ በዳፕ ምትክ ኤንፒኤስ ተገዛ፤ ሌሎቹን ንጥረ ነገሮች የሚቀላቅሉ ፋብሪካዎችም ባሕር ዳርን፣ ነቀምትንና ወራቤን በመሳሰሉ ቦታዎች ተተከሉ።

የምርመራው ጥበብ ላቦራቶሪ ሳይደርስ ማሳው ላይ ይጀምራል። በእኔ እምነት የሚበላሸውም እዚያው ነው። ናሙና ወሳጁ ማሳውን እየተጠማዘዘ ያቋርጥና ከ15 እስከ 20 ቦታ ላይ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይቆፍራል። ፍግ ከተከመረበት፣ ከዛፍ ሥር፣ ከቤት አጠገብ አይወስድም፤ ጓሮ አመድና ፍግ የጠገበ ስለሆነ ራቅ ስላለው ማሳ ይዋሻል። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ ከቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ወደ አፈሩ ይገባና የሌለውን ያለ ያስመስላል። ሁሉም ተቀላቅሎ አንድ ኪሎ ያህሉ ብቻ ይቀራል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የኬሚስት ሥራ ነው።

የኢትዮሲስ ካርታ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ማሳ ለይቶ አይናገርም። ተዳፋቱ ላይ ያለውና ሸለቆው ውስጥ ያለው የአንድ ገበሬ ሁለት ማሳ አንድ ዓይነት አፈር የላቸውም። ዋጋው በየዓመቱ የሚያንገበግብ ማዳበሪያ በጅምላ ምክር ሲበተን ከሁለቱ አንዱ ማሳ ወይ ይራባል ወይ ያባክናል።

ምርመራው አንዳንዴ «ማዳበሪያ አትጨምር» ይላል። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል። እንዲህ ባለው አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል፤ ከጅቡቲ ተጭኖ በጋላፊ የገባው ማዳበሪያ ሥር ሳይደርስ ይታሰራል። አፈሩ የሚፈልገው ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ መርከብ አይጠብቅም፤ ድንጋዩ አባይ በረሃ ውስጥ ሞልቷል። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ ለሄክታር በኩንታል ሲቆጠር ኖራ በቶን ነው፣ ተፈጭቶም ከመንገድ ዳር እስከ ማሳው በአህያ መጓዝ አለበት። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ብዙ ገበሬዎች ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ እህል እምቢ ባለው ማሳ ላይ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክለው ከሰሉን ለአዲስ አበባ ይሸጣሉ፣ ዛፉ ሲቆረጥም መሬቱን አርሰው ጤፍ ይዘሩበታል።