ዛጎሉ ለምን ባሕሩ ዳር ይቀራል?

እ.ኤ.አ. በ1793 ሰኔ ወር የእንግሊዛዊው ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች ዛሬ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ጠረፍ ላይ መስል የሚባለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ ለቅመው ቁርስ በሉ። ብዙም ሳይቆይ የአንዳንዶቹ ሰውነት ይደነዝዝ ጀመር፤ ጆን ካርተር የተባለው መርከበኛ ከሰዓታት በኋላ ሞተ። ቦታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ መርዝ ስም ነው።

መስሉ የተበላሸ አልነበረም። መስልና እንደሱ ዛጎል ለበስ የሆኑት ክላምና ኦይስተር የሚኖሩት ውሃ እያጣሩ ነው፤ ውሃውን ስበው በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያስቀሩና ቀሪውን መልሰው ያስወጣሉ። ከአልጌዎቹ አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ እንስሳውን እምብዛም ሳይጎዳ ሥጋው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተር ክላም የሚባለው ዓይነት ከዓመት በላይ ይዞት ሊቆይ ይችላል። በመልክም፣ በሽታም፣ በጣዕምም አይለይም። እሳት አያጠፋውም፤ ሎሚም ሚጥሚጣም አይነኩትም። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ በጠና የተመረዘ ሰው መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሐኪሞች በመሣሪያ ያስተነፍሱታል። ውሃው ቀልቶ ካልታየ አደጋ የለም የሚለው እምነትም ሰው የሚገድል ነው፤ የጠራ ውሃ መርዘኛ ሊሆን ይችላል።

በሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በሃይማኖቱ ሥርዓት የተነሳ ዛጎል ለበስ የማይቀምስ ብዙ ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ሁድ ካናል ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወርዶ የሚለቅምም ግን አይጠፋም። የዋሽንግተን ግዛት ደንብ መጀመሪያ ሲነበብ የቢሮ ጣጣ ይመስላል። የእንስሳውን ኑሮ ላወቀ ግን እያንዳንዱ መስመር ምክንያት አለው።

የግዛቱ ጤና መምሪያ ከየዳርቻው ናሙና እየወሰደ ይመረምራል፤ በ100 ግራም ሥጋ ውስጥ ይኸው ሽባ የሚያደርግ መርዝ 80 ማይክሮግራም ከደረሰ ዳርቻው ይዘጋል። ውጤቱ በካርታ ላይ ይወጣል። ካርታው መታየት ያለበት በለቀማው ዕለት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረ ዳርቻ ዛሬ ሊዘጋ ይችላልና።

ቪብሪዮ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። በበጋ ባሕሩ ሸሽቶ ኦይስተሩ ፀሐይ ላይ ሲቆይ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ የሚለቀመው ውሃው እንደሸሸ ወዲያው ነው፤ ከዚያም በረዶ ላይ ይቀመጣል። ይህን ባክቴሪያ እሳት ይገድለዋል። ሁለቱን አደጋዎች አንድ አድርጎ “ደህና አድርጌ ቀቅዬዋለሁ” ማለት ግን ከመርዙ አያድንም።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዳርቻው ዕጣ ነው። የኦይስተር ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ጠንካራ ነገር ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አይነቃነቅም። አጥብቆ የሚሻው የኦይስተር ዛጎል ነው። አንዱን ትልቅ ዛጎል አንስቶ በቅርብ ላየው፣ ጀርባው ላይ የጣት ጥፍር የሚያክሉ ትንንሾች ተለጥፈው ይገኛሉ። ዛጎሉን ወደ ቤት መውሰድ እነዚህን መግደል፣ የሚመጡትንም ማረፊያ መንሳት ነው። በመሆኑም ሕጉ ኦይስተር እዚያው ዳርቻው ላይ ተፈልቅቆ ሥጋው ብቻ እንዲወሰድ፣ ዛጎሉም በተነሳበት ቦታ እንዲቀር ያዛል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው በቀን 18 ነው።

ክላም ቆፋሪም ጉድጓዱን መድፈን አለበት። ማኒላ ክላም የሚኖረው ከአሸዋው ወለል ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ውሃ የሚስብበት ቱቦ አጭር ስለሆነ የተቆለለ አፈር ከተጫነው ታፍኖ ይሞታል። አንድ ሰው ለራት የሚበቃውን አውጥቶ ክምሩን ትቶ ቢሄድ፣ ከወሰደው የበለጠ ሊገድል ይችላል። ከ4 ሴንቲሜትር ገደማ ያነሰው ወዲያው ተመልሶ ይቀበራል።

“የዱር ዛጎል ለበስ” ማለትም ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በዋሽንግተን ብዙው የባሕር ዳርቻ የግል ይዞታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ የፌዴራል ዳኛው ኤድዋርድ ራፊዲ፣ ነባር ሕዝቦች በ1850ዎቹ በተፈረሙት ውሎች መሠረት በልማዳዊ ቦታዎቻቸው ከሚለቀመው ዛጎል ለበስ እኩሌታው እንደሚገባቸው ወስነዋል። እንግዳ ለቃሚ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ዳርቻ፣ በተፈቀደው ወቅት የሚወስደው ከቀሪው ድርሻ ነው።