የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት የሕትመት ታሪክ

የመጀመሪያው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ታተመ። አዘጋጁ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ቻርልስ ዊልያም ኢዘንበርግ ነው። መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። አንዱ ክፍል የጎደለው ቅጂ እንደ ሙሉ አይቆጠርም።

ቀደም ብሎ በ1698 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳትሞ ነበር። አማርኛ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ፣ የዛሬው ደቡብ ወሎ ሰው ነበሩ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን እሳቸው ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

አርምብረስተር በካምብሪጅ ያሳተመው «ኢኒሺያ አምሃሪካ» ሰብሳቢን ያደናግራል። ሰዋስው በ1908፣ የእንግሊዝኛ–አማርኛው ክፍል በ1910 ወጣ። በ1920 የወጣው የአማርኛ–እንግሊዝኛ ጥራዝ ግን «ሰ» ላይ ቆመ። ቀጣዩ አልታተመምና ቢፈለግም አይገኝም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የደሴው ተወላጅ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። አምሳሉ ለብቻቸው ያዘጋጁትን የአማርኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1979 ዓ.ም. አወጣው። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሳይሆን 14 ዓመት ገደማ ነው። የድሮ መዝገበ ቃላትን ዕድሜ ሲገምቱ በብዛት የሚያሳስተውም ይኸው የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው።