የወንዝ ዳርቻ ሲታረስ ውኃው ምን ይሆናል?

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደ ሆነ ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል። ከዔድን ከወጡት አራቱ አፍላጋት አንዱ ግዮን በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ዓባይ ነው። ከነቀምቴ ዙሪያ የሚፈልቁት ጅረቶችም በአንገርና በዴዴሳ አድርገው የሚደርሱት ወደዚሁ ዓባይ ነው።

በወለጋ ክረምቱ ረጅም፣ ዝናሙም ብዙ ነው። በወንዝ ዳር ያለው ዛፍና ሣር ጎርፉን ያዘገየዋል፤ የተሸከመውን አፈር ያስቀረዋል፤ ውኃው ወደ ምድር ሰርጎ በበጋ ከምንጭ እንዲወጣም ይረዳል። ዳርቻው እስከ አፋፉ ሲታረስ ግን ቀዩ አፈር ያለ ከልካይ ወደ ወንዙ ይገባል። ከአፈሩም ጋር የማዳበሪያው ፎስፎረስና የከብት እዳሪ አብረው ይወርዳሉ። ፎስፎረሱ በረጋ ውኃ ላይ አልጌን ያበዛል፤ እዳሪው የተቅማጥ በሽታን ያመጣል። ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ተሕዋስያን በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋሉና ክሎሪን ቢጨመርበት እንኳ ኃይሉ ይዳከማል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የሚያስከትለውን በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ እናያለን። በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ ግድብ ሲሠራ የጮመን ረግረግና በዙሪያው ያለው የግጦሽና የእርሻ መሬት በውኃ ተዋጠ። መሬታቸውን ያጡ ገበሬዎችም ተዳፋቱን ለማረስ ተገደዱ፤ ከዚያ የሚሸረሸረው አፈር ተመልሶ ግድቡን ይሞላል።

ስለዚህ ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ማሳው ጠባብ ለሆነ ሰው የወንዝ ዳሩን መተው ከልጆቹ እንጀራ መቀነስ ነው። ነገር ግን በዳርቻው የከብት መኖ የሚሆን ሣር ቢተክል አፈሩንም ይጠብቃል፣ ከብቶቹንም ይመግባል። በተዳፋቱ ላይ እርከን መሥራት፣ የከብት ማጠጫውን ሰው ከሚቀዳበት በታች ማድረግ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣውን ባሕር ዛፍ ከምንጭ ማራቅም ይጠቅማል።

አባቶቻችን የአድባራቱን ደን ጠብቀው አቆይተውልናል። እኛም በየአጥቢያችን ከጠበሉ ምንጭ በላይ ያለውን ተዳፋት እንመልከት። ምእመናን የሚጠመቁበትና የሚጠጡት ውኃ የሚጠራው ወይም የሚደፈርሰው በዚያ ነውና።

ምድርን እንድንጠብቅ የሰጠን እግዚአብሔር ማስተዋሉን ያድለን።