ለዒድ መጅሊሱን ስናጸዳ በረኪናው ይቅርብን

በረመዳን የቤታችን መጅሊስና ሶፋ ዕረፍት የላቸውም። በኢፍጣር ሰዓት ሾርባ ይፈስባቸዋል፣ የሳምቡሳ ዘይት ይነካቸዋል። ሕፃናቱ ትልልቆቹ ከተራዊህ እስኪመለሱ እዚያው ይተኛሉ፤ አንዳንዴም ይሸኑባቸዋል። ወሩ ሊገባደድ ሲል የዒድ እንግዳ ይታሰብና ጽዳቱ ይጀመራል። ያኔ በብዙ ቤት ቀድሞ የሚነሳው የበረኪና ጀሪካን ነው።

በረኪና ለጨርቅ መቀመጫ አይሆንም። የከፈዩን ቀለም ያነጣል፣ ክሩንም ይበላል። ይህ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። የቆየ ሽንት አሞንያ አለው፤ አሞንያና በረኪና ሲገናኙ ክሎራሚን የተባለ ዓይን የሚያቃጥል፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። ሽታውን ለማጥፋት ተብሎ አቼቶ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከተጨመረበት ደግሞ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በጦር ሜዳ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል። መጅሊሱ የተነጠፈው፣ ልጆቻችንም የሚተኙት እዚያው ወለሉ ላይ ነው።

“ነጃሳውን በምን ላጥፋው ታዲያ?” የሚሉ እናቶች አሉ፤ የሚሰገድበት ቦታ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የገጠር ሰው መስጊድ ውስጥ በሸና ጊዜ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎቹ እንዳይቆጡት ከልክለው በሽንቱ ላይ አንድ ባልዲ ውኃ እንዲፈስበት ማዘዛቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የጨርቅና የስፖንጅን ዝርዝር የሰፈር ኡስታዝ ቢጠየቅ ይሻላል፤ የበረኪና ሽታ ግን የጠሃራ ምልክት አይደለም።

ሽንቱ እንደወረደ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ጫን እያሉ መምጠጥ ነው። ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ደጋግሞ መምጠጥ። ሽፋኑ ዚፕ ካለው አውልቆ ለብቻው ማጠብ ይቻላል። ስፖንጁን በጎኑ አቁሞ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ የግድ ነው፤ እርጥብ ከቆየ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ የዒድ ዋዜማ ማታ አይታጠብም፤ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ በጠዋት ይሁን።

የዘይት እድፍ በቤንዚን የሚያስለቅቁም አሉ። የቤንዚን ትነትም ከአየር ይከብዳል፤ በወለሉ ተስቦ የቡናው ከሰል ወይም የዕጣኑ ፍም ጋ ይደርሳል። ስፖንጅ አንዴ ከተያያዘ በደቂቃዎች ውስጥ ቤቱን መርዛማ ጭስ ይሞላዋል። ለዘይት ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለብታ ውኃ ይበቃል፤ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ይሞከር።

በድንገት ጋዝ ተፈጥሮ ጉሮሮ ካቃጠለ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። ሕመሙ ካልቀነሰ ጤና ተቋም መሄድ ነው። “ጾሜ ነው” ብሎ መታገስ አያስፈልግም፤ የታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ለባለሙያ መስጠት ለሚፈልጉ፦ ከውጭ የመጣ ሶፋ ሥር ብዙ ጊዜ ምልክት አለ። “ደብልዩ” በውኃ ይታጠባል፣ “ኤስ” ውኃ አይነካውም፣ “ኤክስ” በቫኪዩም ብቻ ይጸዳል ማለት ነው። እዚህ አገር የተሠራው ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው አጣቢው ጥግ ላይ እንዲሞክር ይጠይቁት። የሚጠቀመው ምን እንደሆነ ይንገርዎ፤ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ይዞ ከመጣ ይመልሱት። ማሽኑም ውኃ የሚረጭ ብቻ ሳይሆን መልሶ የሚመጥ መሆን አለበት። ሲጨርስ መዳፍዎን ስፖንጁ ላይ ጫን ያድርጉ፤ ውኃ ከወጣ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ዙር ያስደግሙት።